የሰማህ ላልሰማ አሰማ

የማሳቹሴትስ ሕግ የግዛቱ ምርጫ በደረሰ ቁጥር መራጩ ሕዝብ እንዲነገረው ያዛል። የከተማው ሹማምንት የምርጫውን ማስታወቂያ ጽፈው ይፈርማሉ፤ ማስታወቂያውም ቢያንስ ሰባት ቀን ሲቀረው ሕዝብ በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። የግዛቱ ጸሐፊ ደግሞ ለሕዝብ ውሳኔ የቀረቡትን ጥያቄዎች የያዘ ሽፋኑ ቀይ የሆነ መጽሐፍ አሳትሞ በየቤቱ በፖስታ ይልካል። ይህ ከተፈጸመ በኋላ ሕዝቡ እንደተነገረው ይቆጠራል። እኛ በቦስተንና በካምብሪጅ አካባቢ የምንማር ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ግን ወላጆቻችንና ጎረቤቶቻችን አልተነገራቸውም እንላለን። ወረቀቱ ቤታቸው ገብቷል፤ ነገሩ ግን ጆሯቸው አልደረሰም። ቀዩ መጽሐፍ ከገበያ ማስታወቂያዎች ጋር ተደርቦ ከፖስታ ሣጥን ወደ ቆሻሻ መጣያ ሲሄድ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ?

ባገራችን በቀድሞው ዘመን አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ተመትቶ፣ ሰው በሚሰበሰብበት በገበያ ቀን፣ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ነበር። አዋጅ ነጋሪውም «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል የማስታወቁን ግዴታ በሰሚው ላይ ጭምር ይጥለው ነበር። ያንን ዘመን ለማሞገስ አይደለም ይህን የምናነሣው። የሚነገረው አዋጅ አብዛኛውን ጊዜ ግብር ወይም ዘመቻ ነበርና ለገበሬው ደስታ አላመጣለትም። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ በሉ፤ እዚያ ሕዝቡ ይነገረው ነበር እንጂ አይጠየቅም ነበር፤ እዚህ ይጠየቃል እንጂ አልተነገረውም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ የምንለው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ምርጫ ሲባል የሰው ስም ብቻ ይታየናል፤ ገዢ፣ እንደራሴ፣ ፕሬዚዳንት። በማሳቹሴትስ ግን ከ1918 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሕገ መንግሥቱ 48ኛ ማሻሻያ መሠረት፣ ሕዝቡ ራሱ ሕግ ሊያወጣ ወይም ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ሊሽር ይችላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕግ እንዲወጣ የሚፈልጉ ሰዎች ረቂቁን ጽፈው ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያቀርባሉ፤ ካለፉም በኋላ ፊርማ ይሰበስባሉ። ለ2024ቱ ምርጫ ያስፈለገው 74,574 ፊርማ ነበር፤ ከአንድ አውራጃም ከሩቡ በላይ ሊሆን አይችልም። ረቂቁ ወደ ምክር ቤቱ ሄዶ ምክር ቤቱ ሳያጸድቀው ከቀረ 12,429 ተጨማሪ ፊርማ ተሰብስቦ ጥያቄው ከድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ይሰፍራል። «አዎ» ከ«አይሆንም» ከበለጠ፣ ደግሞም ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ ሁሉ ቢያንስ ከመቶ 30 እጁ «አዎ» ካለ፣ ረቂቁ ሕግ ይሆናል። አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛና አንድ የሕግ መምህር በዚያች ወረቀት ላይ እኩል ሕግ አውጪዎች ናቸው ማለት ነው። በወረቀት ላይ።

በኖቬምበር 5 ቀን 2024 የቀረቡትን አምስት ጥያቄዎች እንመልከት። ሁለቱን አልፈን እንሄዳለን፤ ኦዲተሯ የምክር ቤቱን ሒሳብ ትመርምር የሚለው በብዙ ድምፅ አልፏል፤ አእምሮን የሚለውጡ አንዳንድ ዕፆች ይፈቀዱ የሚለው ወድቋል። የቀሩት ሦስቱ ግን ጎረቤቶቻችንን ስማቸውን እየጠሩ ያነሧቸው ያህል ነበሩ።

ሦስተኛው ጥያቄ በኡበርና በሊፍት የሚሠሩ ሾፌሮች የሠራተኛ ማኅበር አቋቁመው ከኩባንያዎቹ ጋር ስለ ክፍያና ስለ ሥራ ሁኔታ በጋራ ይደራደሩ ወይ የሚል ነበር። በሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁትን አባቶቻችንንና ወንድሞቻችንን እናውቃቸዋለን። ስለ ኮሚሽን፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ያለ ምክንያት ስለ መታገድ ሲያማርሩ እየሰማን ነው ያደግነው። ሕጉ ከነዝርዝሩ የእነርሱ ነበር፤ በሥራ ላይ ካሉት ሾፌሮች ከመቶ 5ቱ ከፈረሙ ማኅበሩ የሾፌሮቹን ዝርዝር ያገኛል፤ ከመቶ 25ቱ ከፈረሙ ወኪልነቱ ይታወቅለታል። ከዚያው ዓመት ምርጫ በፊት፣ በጁን ወር፣ ሁለቱ ኩባንያዎች ከግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጋር ታርቀው 175 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ለሾፌሩ በሰዓት ቢያንስ 32 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለመስጠት ተስማምተው ነበር። ታዲያ ይህ ከሆነ ማኅበሩ ምን ይጨምራል የሚል ሾፌር ሊኖር ይችላል፤ ያስፈልጋል የሚልም አለ። ሁለቱም ለክርክር የሚበቁ ናቸው። ጥያቄው ከመቶ 54 ያህል ድምፅ አግኝቶ አለፈ። እኛን የሚያሳዝነን በዚህ ሕግ ከሚነኩት ሰዎች መካከል ጥያቄው መቅረቡን ያወቁት ካለፈ በኋላ የሆኑ መኖራቸው ነው። ካለፈ በኋላ! ስለ ገዛ መሪያቸው፣ ስለ ገዛ ወንበራቸው።

አምስተኛው ጥያቄ የአስተናጋጆችን ነገር ያነሣል። በማሳቹሴትስ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ሲሆን በቲፕ ለሚሠራ ሰው ግን አሠሪው 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም መክፈል ይበቃዋል፤ ቲፑ ተደምሮ 15 ካልሞላ አሠሪው ልዩነቱን ይሞላል ይላል ሕጉ። ጥያቄው ይህ ልዩነት ቀስ በቀስ ይወገድና በ2029 ሁሉም እኩል ይሁን፣ ቲፑም ከማድ ቤት ሠራተኞች ጋር ይከፈል የሚል ነበር። በየምግብ ቤታችን በአንድ ጣራ ሥር የሚሠሩት አስተናጋጇ፣ እንጀራ ጋጋሪዋና ባለቤቱ በዚህ ነገር ሦስት የተለያየ ጥቅም አላቸው። ሦስቱ አንድ ቀን ቡና ሲጠጡ ቢወያዩበት ምን ያህል ብርሃን በወጣ ነበር! ጥያቄው ወደቀ፤ «አዎ» ያለው ከመቶ 36 ያህል ብቻ ነው። ውድቀቱ ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት፣ የየሰዉ ፍርድ ነው። ያልተወያየ ሰው ግን ፍርድ ሰጠ አይባልም።

ሁለተኛው ደግሞ በትምህርት ቤት ላለን ሁሉ ቅርብ ነው። ከ2003 ተመራቂዎች ጀምሮ የአሥረኛ ክፍሉን የኤምካስ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ አይመረቅም ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ በእንግሊዝኛ ድርሰት እንዲጽፍ የተፈረደበት ልጅ ምን እንደሚሰማው ከእኛ መካከል የሚያውቁ አሉ። ሕዝቡ ከመቶ 59 ያህል በሆነ ድምፅ ግዴታውን አንሥቶታል። ፈተናው ደረጃን ጠብቆ ነበርና መነሣቱ ልጆቻችንን ይጎዳል የሚሉ ወላጆችም ነበሩ፤ የሐበሻ ወላጅ ፈተና እንደሚወድ ማን ይክደዋል! እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ በዚህ ጥያቄ ላይ የሞቀ ክርክር በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሊሰማ ይገባ ነበር።

«አዎ» እና «አይሆንም» የሚሉት ቃላት ቀላል ይመስላሉ። በ2022 የቀረበውን አራተኛ ጥያቄ ያስታወሰ ግን እንዲህ አይልም። በዚያ ዓመት ምክር ቤቱ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ሰዎችም መንጃ ፈቃድ እንዲያወጡ የሚፈቅድ ሕግ ገዢው ቢከለክልም አጸደቀ። ተቃዋሚዎቹ ሕጉ ይሻር ብለው ፊርማ አሰባሰቡ፤ ነገሩም ወደ ሕዝብ ቀረበ። እንግዲህ ሕጉን የሚጠላ ሰው «ይሻር» የሚለውን ፊርማ ከፈረመ በኋላ በምርጫው ቀን ምን ማለት ነበረበት? «አይሆንም» ነው። ምክንያቱም ወረቀቱ የሚጠይቀው «ይሻር ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ሕጉን ትቀበላለህ ወይ?» ብሎ ነው። «አዎ» ሕጉን ያጸናል፤ «አይሆንም» ይሽረዋል። ከመቶ 54 ያህሉ «አዎ» ስላለ ሕጉ ጸንቶ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። እንግሊዝኛ ተወልዶ የተናገረው ሰው እንኳ ሁለት ጊዜ የሚያነበውን ነገር፣ ሌሊት ሙሉ በጥበቃ ሥራ ያደረ አባት ቆሞ፣ ከኋላው ሰልፍ እየጠበቀው፣ በአንድ ንባብ ይረዳው ማለት ፌዝ ነው።

ለምን በአማርኛ አይጻፍም? በዚህ አገር የድምፅ መስጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲዘጋጅ የሚያስገድድ የፌደራል ሕግ አለ፤ በ1975 ዓ.ም. በድምፅ መብት ሕጉ ላይ የተጨመረው 203ኛው ክፍል ነው። በአንድ አካባቢ እንግሊዝኛ በሚገባ የማያውቁ መራጭ ዜጎች ከ10,000 ወይም ከመቶ 5 እጅ ከበለጡና ማንበብ የማይችሉት መጠን ካገሪቱ አማካይ ከበለጠ ግዴታው ይጸናል። በዚህ መሠረት በሎዌል ለካምቦዲያውያን በክመር፣ በኩዊንሲ በቻይንኛ፣ በቦስተን በስፓኒሽ ይቀርባል። እኛስ ቁጥራችን አልሞላ ይሆናል ብላችሁ እንዳትጽናኑ። ሕጉ «የቋንቋ አናሳዎች» የሚላቸውን አራት ብቻ አድርጎ ቆጥሯቸዋል፤ የአሜሪካ ሕንዶች፣ የአላስካ ነባር ሕዝቦች፣ የእስያ ተወላጆችና የስፓኒሽ ትውልድ ያላቸው። አፍሪካዊ የለበትም። በአንድ ከተማ መቶ ሺህ አማርኛ ተናጋሪ መራጭ ቢሰፍር በዚህ ሕግ አንድ ወረቀት አይገባውም። ሕጉ የወጣው የእኛ ሰው በብዛት ወደዚህ ከመሰደዱ በፊት ነውና የዚያን ጊዜ ደንጋጊዎች አለማየታቸው አይገርምም፤ ከዚያ ወዲህ በ2006 ሲታደስ በሩ እንደ ተዘጋ መተዉ ነው የሚገርመው። በዚህ ጉዳይ ከእኛ ጋር የሚቆሙ ጎረቤቶችም አሉን፤ በቦስተን ከእኛ የሚበዙት የሄይቲና የኬፕ ቨርዴ ሰዎች ከዚያው በር ውጭ ናቸው።

«ዜጋ ሲሆን የእንግሊዝኛ ፈተና አልፎ የለም ወይ?» የሚል መልስ በየጊዜው እንሰማለን፤ ከነጮቹ ብቻ ሳይሆን ከራሳችን ሰው ጭምር። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የዜግነት ፈተናው ንባብ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቀርቦ አንዱን አስተካክሎ ማንበብ ነው፤ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሚጻፈው የረቂቅ ሕግ መግለጫ ከዚያ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሁለተኛ፣ ራሱ የዜግነት ሕጉ ዕድሜው 50 ሆኖ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ነፃ ሆኖ ስለ አገሪቱ የሚጠየቀውን በገዛ ቋንቋው እንዲመልስ ይፈቅዳል። መንግሥት «በአማርኛ መልስና ዜጋ ሁን» ብሎ የተቀበለውን ሽማግሌ፣ ዜጋ ከሆነ በኋላ «በእንግሊዝኛ ካላነበብህ አትፍረድ» ሊለው እንዴት ይቻለዋል?

ይህን ሁሉ በመንግሥት ላይ ጥሎ መሄድ ግን ለእኛ ለተማሪዎች እጅግ የተመቸ ነው፤ ስለተመቸንም እንጠረጥረዋለን። የአዲስ አበባን ሹም ሽር በሰዓቱ የምናውቅ፣ ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ ሌሊት የምንከራከር፣ የገዛ ሠፈራችን እንደራሴ በምክር ቤቱ ማን እንደሆነ ስንጠየቅ ግን ዝም የምንል ብዙዎች ነን። ያገር ቤት ጉዳይ ይቅር አንልም፤ የወገን ነገር ነው። ነገር ግን በዚያ ድምፅ የለንም፤ በዚህ ያለንን ደግሞ በፖስታ ሣጥን እናስቀምጠዋለን። እንግሊዝኛ የተማርነው እናታችን የሐኪም ቤት ወረቀት ሲደርሳት ልናነብላት ነበር፤ የቤት ኪራይ ውል፣ የግብር ቅጽ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ሁሉ በእኛ አፍ ነው የተተረጎመላት። ሕግ እንድታወጣ የተጠራችበትን ወረቀት ብቻ የማናነብላት በምን ምክንያት ነው?

ሌላም ወገን አለ። አንዳንድ ሰው «እኔ እሞላላችኋለሁ» ይላል። በፖስታ የመጣውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ከጎረቤት ሰብስቦ በአንድ እጅ ምልክት ማድረግን እንደ መልካም ሥራ የሚቆጥር፣ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቶ «ሁለተኛውን አዎ በሉ» ብሎ የሚያውጅ ማለት ነው። ይህ መንገር አይደለም፤ ድምፅ መቀማት ነው። ሕጉ ለችግረኛው መንገድ አበጅቶለታል። ከ1982 ጀምሮ በፌደራሉ ሕግ 208ኛ ክፍል ማየት ወይም ማንበብ የተሳነው መራጭ ራሱ የመረጠው ሰው ገብቶ ሊረዳው ይችላል፤ አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ብቻ አይሆንም። ልጁ ይችላል፤ የልጁ ጓደኛ ይችላል፤ እኛ እንችላለን። የሚረዳው ግን ሊያነብለትና ያለውን ሊፈጽምለት እንጂ ሊወስንለት አይደለም።

በአማርኛ መጻፍ አይቻልም የሚልም ሐሰት ይናገራል። በዋሽንግተን ከተማ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር አግብቶታል፤ የምርጫ ቦርዱም ለመራጩ መምሪያ በአማርኛ ያወጣል። ባገራችንም ኖቬምበር 20 ቀን 2019 የሲዳማ ሕዝብ ክልል ስለ መሆን ሲጠየቅ በወረቀቱ ላይ ሁለት ሥዕሎች ነበሩ፤ ሻፌታ ክልልነትን፣ ጎጆ ከነበሩበት መቆየትን ያመለክቱ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የጠየቁትን አውቆ መልስ ሰጠ። በሥዕል የተቻለው በፊደል ያቅታል ወይ?

ይሁን እንጂ አማርኛው አማርኛ ይሁን። በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት ስም የሚወጣ፣ ማሽን የተረጎመውና ሰው ያላየው አማርኛ ይደርሰናል፤ ፊደሉ የእኛ፣ ነገሩ የማንም ያልሆነ። ተተርጉሞልናል ተብሎ ከመቆጠር በቀር ጥቅም የለውም፤ አንባቢውን «ለካ ቋንቋዬንም አላውቅም» ያሰኘዋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀጥተኛ ነው። የግዛቱ ምርጫ ጥንድ ቁጥር ባለው ዓመት ሁሉ፣ ከኖቬምበር የመጀመሪያ ሰኞ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ይደረጋል። ቀዩ መጽሐፍ እንደ ወጣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ገጽ እናዘጋጅ። በገጹ ላይ «አዎ» ቢያሸንፍ ምን እንደሚለወጥ፣ «አይሆንም» ቢያሸንፍ ምን እንደሚቀጥል ይጻፍ፤ ከዚያም ደጋፊዎቹና ተቃዋሚዎቹ በመጽሐፉ ላይ እያንዳንዳቸው በ150 ቃል ያቀረቡት ክርክር ያለ አድልዎ ይተርጎም። የሕግና የቋንቋ መምህራኖቻችን ረቂቁን ከመታተሙ በፊት እንዲያርሙልን እንለምናለን፤ አንድ «አይ» ቦታውን ቢለቅ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣልና። የማኅበሩ አቋም ከገጹ ላይ አይግባ። አቋም ያለው በስሙ፣ በዚህ ጋዜጣ ላይ ይጻፍ።

ገጹ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ፣ ወደ ዕድር ስብሰባ፣ ወደ ቅመማ ቅመም መደብር፣ ወደ ሾፌሮቹ መቆሚያ ይሂድ። ለሽማግሌዎች በቃል ይነበብ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር በትልቅ ፊደል ይጻፍበት፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜጋ እስኪሆን ድረስ አይመዝገብ፣ ድምፅም አይስጥ። ከመኪና መዝገብ ቤት ሰው የሰጠውን ቅጽ ሳያነብ ፈርሞ መራጭ ሆኖ መገኘት ካገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። እርሱን ዝም ብለን ሌላውን «ምረጡ» ብንል ጥፋት እንሠራለን።

ለመመዝገብ የመጨረሻው ቀን ከምርጫው 10 ቀን በፊት ነው፤ እስከ 2022 20 ቀን ስለነበር በድሮው አቆጣጠር «አልፎኛል» ብሎ የሚቀመጥ ሰው አለና ይነገረው። ድምፅ በፖስታም መላክ ይቻላል፤ ከምርጫው ቀን በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታትም በአካል ሄዶ መስጠት ይቻላል፤ ማክሰኞ ዕለት ከሥራ መቅረት ለማይችለው ሾፌርና አስተናጋጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዱን ጥያቄ ሳይመልሱ ባዶ መተው ሌላውን አያበላሽም። በምርጫው ቀን ግን ገጻችንን ይዘን ከጣቢያው ደጃፍ አንቁም፤ ከ150 ጫማ ወዲህ የቅስቀሳ ወረቀት ማደል ክልክል ነው፤ የእኛ ቅስቀሳ አይደለም ብሎ ከፖሊስ ጋር መከራከር ደግሞ ለማንም አይበጅም። ለትርጉሙ ሦስት፣ ለማረም ሁለት፣ ለማባዛት አንድ፣ መኪና ያለው ደግሞ ገጹን ለማድረስ የተገኘውን ያህል ሰው እንፈልጋለን፤ ፈቃደኞች ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ።